አያት ወይስ አክስት?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ቅሪተ አካል ስለ ዘር ሐረጋችን ምንም አይነግረንም የሚለውን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችው ሐዳር ነው፤ ከእኛ ከኮምቦልቻ በባቲ ቁልቁል ሲወረድ፣ አፋር ምድር ላይ።

የጭኗን አጥንት ልብ ብላችሁ እዩት። ከዳሌዋ ወደ ጉልበቷ ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ ልክ እንደ እኛ። የቺምፓንዚ ግን ቀጥ ያለ ነው። በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር ማለት ነው። ዕድሜዋም፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ከእሳተ ገሞራ አመድ የተለካ ነው።

እርግጥ አጥንት የልደት ካርድ የለውም። ቀጥተኛ አያታችን ትሁን የአያታችን እህት፣ አፍ ሞልቶ መናገር አይቻልም። ግን አያት ናት አክስት ብሎ መከራከርና ጭራሽ ዘመድ አይደለችም ማለት ለየቅል ናቸው። እዚህ ልጆቻችን «ሁሉም ግምት ነው» ሲሉ ስሰማ ያንገበግበኛል።

አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ