የአበባ ክበብ ዘገባ፦ ፀሐይን በጠመኔ ስንከተል

ባለፈው ዓመት መጽሔታችን ላይ ስለ ክበባችን የወጣው ሁለት መስመር ነበር። ችግኝ ተተከለ፣ ግቢ ጸዳ። ዘንድሮ ግን የምነግራችሁ አለኝ። ግማሹ ጥፋት ነው።

ጥቅምት ላይ 26 ልጆች ተመዘገቡ። ግቢ ውስጥ መትከል ሰልችቷቸዋል። ፍየል ይበላዋል፣ ኳስ ይሰብረዋል። "ቲቸር፣ ለምን ክፍል ውስጥ አናሳድግም?" አሉኝ። ወዲያው ጄራኒየም ትዝ አለችኝ። ደሴ ያደገ ሰው ያውቃታል። በረንዳ ላይ፣ በዘይት ጣሳ ውስጥ፣ ቀይ አበባዋን አቅፋ የምትቀመጠዋ ናት። ቅጠሏን ካሹት ሽታዋ እጅ ላይ ይቀራል።

የአንዲት ተማሪ እናት ከግቢያቸው ቆርጠው ሰጡን። ሲሰጡንም "ልጆቼ፣ ውኃ እንዳታበዙባት። ይቺ ጥጋብ አትችልም" አሉን። "እሺ እማማ" አልን። ግን አልሰማናቸውም።

መትከሉስ ደህና ነበር። አበባ ያልያዘውን ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አድርገን፣ ከአንጓው ሥር ቆረጥን። የታች ቅጠሎቹን አነሳን። ከዚያ ቁስሉ እስኪደርቅ ግማሽ ቀን ጥላ ላይ አስቀመጥነው። ብዙው ተክል እንዲህ ቢደረግ ይጠወልጋል። የጄራኒየም ግንድ ግን ውኃ ስለሚይዝ ይችለዋል። አፈሩን ሁለት እጅ የግቢ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ አድርገን ቀላቀልነው። አሸዋው የመጣው ከቦርከና ወንዝ ዳር ነው። የግቢው አፈር ብቻውን ሲደርቅ እንደ ጡብ ስለሚሆን ያለ አሸዋ አይሆንም። 30 ጣሳ ሞላን።

ከዚያ የውኃ ተራ አወጣን። ጥፋቱ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። የጠዋቱ ተረኛ ያጠጣል። ተራው ያልደረሰው ደግሞ "አዘንኩላት" ብሎ ያጠጣል። የከሰዓቱ ፈረቃ ሲገባ እንደገና ያጠጣል። ኅዳር መጨረሻ ላይ 12ቱ ከሥራቸው ጠቁረው ሟሙ። ሥር አየር ይፈልጋል። አፈሩ ሁልጊዜ ጭቃ ከሆነ ታፍኖ ይበሰብሳል። በዚያ ላይ ተክሏ የመጣችው ደረቅና ፀሐያማ ከሆኑ የደቡባዊ አፍሪካ አካባቢዎች ነው። በነገራችን ላይ ትክክለኛ ስሟ ፔላርጎኒየም ነው። ፈረንሳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሌሪቲዬ እ.ኤ.አ. በ1789 ከጄራኒየም ለይቷት ነበር፤ ሰው ግን የድሮውን ስም አልለቅም አለ። ከኅዳር በኋላ የውኃ ተራውን ቀደድነው። ጣት አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ይገባል፤ እርጥብ ከሆነ ማንም አያጠጣም። ብልጦቹ ልጆች ጣሳውን ብድግ አድርገው በክብደቱ ያውቃሉ።

ጥር ላይ ሌላ ጉድ መጣ። አንዱ ልጅ ከአባቱ ማሳ የተረፈ ዩሪያ በወረቀት ጠቅልሎ አምጥቶ ለአምስት ጣሳ አደለ። ቅጠሉ ጎመን አከለ። አበባ ግን የለም። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ናይትሮጅን ሲበዛ ተክሉ ቅጠል ማብዛት ላይ ይጠመዳል። ልጁን አልተቆጣሁትም። ጤፍ ላይ ያየውን ነው ያደረገው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ስለዚህ ይህኛው ጥፋት የራሴ ነው።

ጽሑፎች ሁሉ "ፀሐይ የሚወድ አበባ ደቡብ መስኮት ላይ ይቀመጥ" ይላሉ። እኔም 18ቱን ጣሳ ደቡብ መስኮት ላይ ደረደርኳቸው። ታኅሣሥና ጥር ላይ የቀትር ፀሐይ እስከ መጀመሪያው ዴስክ እግር ድረስ ትገባ ነበር። የካቲት ላይ አብዛኞቹ አበቡ። ሚኒ ሚዲያው ሳይቀር አወራልን። መጋቢት ሲያልቅ ግን እምቡጡ ቆመ። የታች ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ። ግንዱ ቀጥኖ ወደ መስታወቱ ተንጋደደ። እኔ "ፍግ አንሷታል" አልኩ።

አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ አለችን፤ ብዙ አትናገርም። ከታኅሣሥ ጀምሮ ዓርብ ዓርብ፣ ስድስት ሰዓት ሲደወል፣ የፀሐይዋ ብርሃን ወለሉ ላይ ያለቀበትን ቦታ በጠመኔ ታሰምር ነበር። ለምን እንደምታደርገው ጠይቄያት አላውቅም። ያን ቀን "ቲቸር፣ ፀሐይዋ እኮ ከክፍሉ ወጥታለች" ብላ ወለሉን አሳየችኝ። መስመሮቹ በየሳምንቱ ወደ መስኮቱ ሲጠጉ ቆይተው ግድግዳው ሥር አልቀዋል።

ያ ምክር የተጻፈው ከእኛ ርቀው በሰሜን ላሉ አገሮች ነው። እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ደቡብ ናት። ደሴ ግን ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትርቀው። ሚያዝያ 10 ገደማ ፀሐይ አናታችን ላይ ትደርስና ወደ ሰሜን ትሻገራለች። የምትመለሰው በነሐሴ አጋማሽ ነው። መጋቢት መጨረሻ ላይ ገና ሳትሻገር የጣሪያው ቆርቆሮ ጠርዝ ጋርዷታል። ይህን አስተምሬያለሁ፤ ፈተናም አውጥቼበታለሁ። ጣሳዎቹን ሳይ ግን ትዝ አላለኝም።

ጣሳዎቹን ወደ ምሥራቁ መስኮት አዞርናቸው። የጠዋት ፀሐይ እስከ አምስት ሰዓት ታገኛቸዋለች። ምዕራቡን አልመረጥነውም፤ ከሰዓት የጦሳ ተራራ ፀሐይዋን ቀድሞ ይወስዳታል። የረዘመውን ግንድ በግማሽ ቆረጥነው፤ የተቆረጠውንም መልሰን ተከልነው። ዓርብ ዓርብ እያንዳንዱን ጣሳ ሩብ ዙር እናዞራለን፤ አለበለዚያ በአንድ ጎን ይንጋደዳል።

አንድ ጣሳ ቢሮ ውስጥ ከመስኮት ርቆ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። "ክፍሉ እኮ ብሩህ ነው" ተባልን። ለእኛ ዓይን ብሩህ ነው፤ ለአበባ ግን አይደለም። መዳፋችሁን ከቅጠሉ በላይ ዘርጉ። ጥላው ጠርዙ ጥርት ካለ ብርሃኑ ይበቃል፤ ደብዘዝ ካለ አይበቃም። እዚያ መደርደሪያ ላይ ጭራሽ ጥላም አልነበረም።

የበልጉ ጭጋግ ሲወርድ የረገፈ አበባ ላይ ግራጫ ሻጋታ ወጣ። የጠወለገውን ዘለላ ከነእጀታው ከሥሩ ቀጭ ማድረግ መድኃኒቱ ነው፤ አዲስ እምቡጥም ያመጣል። ልጆቹ ግን "አበባ መቅጠፍ ነውር ነው" ብለው አስቸገሩ። ሁለት ሳምንት ተከራከርን። መስኮት መክፈትም ረድቷል፤ ውኃውንም ከቅጠሉ ላይ ሳይሆን ከአፈሩ ላይ ማፍሰስ።

ግንቦት አጋማሽ ላይ 14 ጣሳ እንደገና አበበ። ለወላጆች ቀን ሦስቱን መድረኩ ላይ አወጣን። ቅርንጫፉን የሰጡን እናትም መጥተው ነበር። ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ከተው፣ "አሁን ገና ሰማችሁኝ" አሉ።

ለክረምቱ ጣሳዎቹን ልጆቹ ተከፋፍለው ወስደዋል። የጽዳት ሠራተኛዋ የወለሉን መስመር "ልጠበው ወይ?" ብለው ሲጠይቁኝ፣ "ይቆይ እትዬ" አልኳቸው። ልጅቷ በቀለም ልትደግመው ነው። መስከረም ላይ የምትመዘገቡ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ይዛችሁ ኑ። ታቹን በምስማር እዚሁ እንበሳዋለን።