ፍሮዝን ፒዛ ስትገዙ ባዶውን ግዙ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። በምግብ ዓምዳችሁ ላይ ከሱፐርማርኬት ጥሩ ፍሮዝን ፒዛ እንዴት እንደሚመረጥ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደግ አደረጋችሁ። ስለዚህ ነገር በቁም ነገር የሚጽፍ ሰው ብዙም የለም፤ ሁላችንም ግን ሲመሽብን፣ ሲደክመን ወይም እንግዳ ድንገት ሲመጣብን እሱኑ ከፍሪዘር አውጥተን ኦቨን ውስጥ እንከታለን። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው። ምክራችሁ ከዳር እስከ ዳር ፒዛው ላይ ስለሚደረገው ነገር ነው። ስንት ዓይነት ሥጋ አለው፣ አትክልቱ በዛ ወይ፣ ቺዙ ሦስት ዓይነት ነው ወይስ አራት። ስለ ሊጡ አንድ መስመር እንኳን የለም። ለእኔ ግን ፒዛ ማለት ሊጡ ነው። ሌላው ማጀቢያ ነው።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፦ ባዶውን ግዙ። ሶስና ቺዝ ብቻ ያለውን፣ ማርገሪታ የሚባለውን ማለቴ ነው።

አውቃለሁ፣ ፍሪዘሩ ፊት ሲቆሙ ዓይን አዋጅ ይሆናል። ካርቶኑ ላይ ያለው ፎቶ ምራቅ ያስውጣል፤ ሥጋው ተከምሯል፣ ቺዙ ይሳባል፣ ቅጠሉ አሁን የተቀጠፈ ይመስላል። ከዚያ ሁሉ መሃል ማርገሪታውን ማንሳት የተሸወዱ ያህል ይሰማል። ግን ረጋ ብላችሁ አስቡት። ማርገሪታ ውስጥ የሚደበቅ ነገር የለም። ሊጡ ካልጣመ፣ ሶሱ ስኳር ስኳር ካለ፣ ቺዙ ለስሙ ብቻ ከሆነ በመጀመሪያው ንክሻ ይታወቃል። አምስት ዓይነት ሥጋ የተጫነበት ላይ ግን ጨውና ቅመሙ ሁሉንም ነገር ስለሚሸፍነው፣ ሊጡ ጣዕም ይኑረው አይኑረው ሳናውቅ በልተን እንጨርሰዋለን።

ሌላም ምክንያት አለኝ። በፍሪዘር ክፉኛ የሚጎዳው ያው ከላይ ያለው ነው። እንጉዳይ፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ቆስጣ፣ ሁሉም ውስጣቸው ውሃ ነው። ውሃው በረዶ ሲሆን ይሰፋል፣ የበረዶው ስለት የአትክልቱን ህዋስ ይቀዳድደዋል። ከዚያ ኦቨን ውስጥ ሲሞቅ ያ ውሃ በሙሉ ወጥቶ ወደ ሊጡ ይወርዳል። መሃሉ ላይ የራሰ ካርቶን የሚመስል ፒዛ በልታችሁ ታውቁ ይሆናል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የእናንተ ኦቨን አይደለም።

ይሄ ችግር ደግሞ ከፍሮዝን ፒዛ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ጆሴፍ ቡቺ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1950 ለፍሮዝን ፒዛ አሠራር የፈጠራ መብት አመልክቶ በ1954 ተሰጥቶታል፤ ያኔም ቢሆን ከዋናዎቹ ጭንቀቶች አንዱ የሶሱ ውሃ ሊጡ ውስጥ ገብቶ እንዳያበሰብሰው ማድረግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካው ዘምኗል፣ ማሽኑ ተራቋል፣ እርጥብ ነገር በደረቅ ሊጥ ላይ መቀመጡ ግን አልተቀየረም። እርጥቡ ባነሰ ቁጥር ሊጡ ይተርፋል።

ሥጋውንም ቢሆን አትመኑት። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት ስሙ ላይ የተጠራ ወይም ፎቶው ላይ ጎላ ብሎ የታየ ነገር በመቶኛ ስንት እንደሆነ ጀርባው ላይ መጻፍ አለበት። እንዲህ ያለ ካርቶን ካገኛችሁ ሒሳቡን እዚያው ቆማችሁ ሥሩት። ሳላሚ (በስሱ የሚቆረጠው ቋሊማ) 6 በመቶ ይላል እንበል፣ ፒዛው ደግሞ 350 ግራም ነው። 21 ግራም ሳላሚ ማለት ነው። ያ ሁሉ ፎቶ ለ21 ግራም! ይህንን እኮ እቤታችሁ ካለው ቆርጣችሁ ጣል ብታደርጉበት ከዚያ ይበልጣል። ቀይ ሽንኩርት በስሱ ከትፋችሁ፣ የተረፈ የተጠበሰ ዶሮ ካለ በጣታችሁ በትናችሁ፣ ቃሪያውን ደግሞ መጀመሪያ መጥበሻ ላይ ውሃውን አስመጥጣችሁ አድርጉበት። ቅጠል ነገር ከሆነ ፒዛው ከወጣ በኋላ ነው የሚበተነው፣ አለዚያ ያርራል።

አሁን ወደ ካርቶኑ ጀርባ ልምጣ፣ ምክንያቱም እውነቱ ያለው እዚያ ነው። በአብዛኛው አገር ሕግ ግብዓቶቹ የሚደረደሩት በክብደታቸው ነው፤ ብዙ ያለው ቀድሞ ይጻፋል። ዱቄት አንደኛ ቢሆን አይገርምም። ቺዙ ስንተኛ ላይ እንዳለ ፈልጉ። ከዚያ ምን ዓይነት ቺዝ እንደሆነ አንብቡ። ሞዛሬላ ተብሎ በግልጽ ከተጻፈ ጥሩ ነው። የዘንባባ ዘይት፣ ስታርችና የወተት ፕሮቲን ተደባልቀው ቺዝ የሚመስል ነገር ከተሠራ ግን እሱ ሌላ ዕቃ ነው፤ ይረክሳል፣ ብዙ ጊዜም እንደ ሞዛሬላ አይሳብም። መብላት ይቻላል፣ በቺዝ ዋጋ መግዛት ግን አይገባም። በከፊል ሃይድሮጂን የተጨመረበት የአትክልት ዘይት የሚል ካያችሁ ደግሞ ካርቶኑን ወደ ቦታው መልሱት። ይህ የትራንስ ፋት ምንጭ ነው፣ ለልብ ጠንቅ ነው።

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ግን የካሎሪውና የጨው ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ ውሸት ሆኖ አይደለም። ፊት ለፊት በትልቁ የሚጻፈው «ለአንድ ሰው» የሚለው ነው፣ ያ አንድ ሰው ደግሞ የፒዛውን ሩብ ወይም ሲሶ ብቻ በልቶ ጠገብኩ ብሎ የሚነሳ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው የት ነው ያለው? አንዱ ድርጅት ሲሶውን፣ ሌላው ግማሹን «አንድ ሰው» ስለሚል ሁለቱን ካርቶን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ብታዩ እንኳ ማወዳደር አትችሉም። መድኃኒቱ «በ100 ግራም» የሚለውን ዓምድ ማየት ነው። እሱ ለሁሉም እኩል ነው።

ጨዉን በዚያ ቁጥር አስሉት። በ100 ግራም 1.2 ግራም ጨው ያለበት ፒዛ 400 ግራም ቢመዝን ሙሉው 4.8 ግራም ጨው አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚመክረው። አንዱን ፒዛ ብቻችሁን ከጨረሳችሁ የቀኑ ጨው አለቀ ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ጨው ሳይሆን ሶዲየም ከሆነ በ2.5 አባዙት፣ ጨዉን ይሰጣችኋል። እንግሊዞች ካርቶን ላይ በሚያደርጉት፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ባለው የትራፊክ መብራት ምልክት ደግሞ በ100 ግራም ከ1.5 ግራም በላይ ጨው ወይም ከ5 ግራም በላይ ሳቹሬትድ ፋት (የሚረጋው ዓይነት ስብ) ካለው ቀይ ነው፣ በዛ ማለት ነው። ይቺን ቁጥር ያዟት፣ የትም ብትሆኑ ትጠቅማለች። እና ልብ በሉ፣ ሥጋው በተደራረበ ቁጥር ሁለቱም ወደ ቀዩ ይጠጋሉ። ባዶውን ግዙ ማለቴ ለዚህም ነው።

ሊጡን በተመለከተ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ፋብሪካው ውስጥ አስቀድሞ በከፊል የተጋገረ ነው። ሌላው ጥሬ ሊጥ ሆኖ የቀዘቀዘ ነው፣ ኦቨን ውስጥ የሚነፋው እሱ ነው። የሚነፋው ሲሳካ ሽታው ራሱ ቤቱን ይሞላዋል፣ አልክድም። ግን ጥሬ መሆኑን አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ2022 ፈረንሳይ ውስጥ ጥሬ ሊጥ ያለው ፍሮዝን ፒዛ ኢ. ኮላይ በሚባለው ባክቴሪያ ተበክሎ ብዙ ሕፃናት ታመዋል፣ ሁለት ሕፃናት ሞተዋል። ፍሪዘር ባክቴሪያን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም፣ ዱቄትም እስኪበስል ድረስ ጥሬ ምግብ ነው። ስለዚህ እንዲህ ዓይነቱን ከገዛችሁ ካርቶኑ የሚለውን ሙቀትና ደቂቃ አትቀንሱ፣ መሃሉ ሊጥ ሊጥ እያለ ለልጅ አትስጡ። ለተራ የቤት ኦቨን እኔ ስሱንና በከፊል የተጋገረውን እመርጣለሁ። ወፍራሙ ውስጡ እስኪበስል ላዩ ያርራል።

ካርቶኑን አንስታችሁም ዳብሱት። ቀስ አድርጋችሁ አዘንብሉት። ሁሉም ነገር ወደ አንድ ጎን ከተንሸራተተ ወይም ፕላስቲኩ ውስጥ ወፍራም በረዶ ከተጋገረበት፣ አንድ ቦታ ላይ ቀልጦ እንደገና የቀዘቀዘ ሊሆን ይችላል። ክፍት በሆኑት ረጃጅም ፍሪዘሮች ጎን ላይ የመሙያ መስመር አለ፤ ከመስመሩ በላይ የተከመረው በቂ ቅዝቃዜ አያገኝም። እጃችሁን ወደ ታች ስደዱ። ፍሮዝን ምግብ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው መቀመጥ ያለበት፣ ስለዚህ ፒዛውን መጀመሪያ አንስታችሁ ሱፐርማርኬቱን ስትዞሩበት አትዋሉ። መጨረሻ ላይ አንሱት።

ስለ አጋገር ብዙ አልልም፣ ርዕሴ አይደለም። ካርቶኑ ቅልጥ አታድርጉት ካለ አታቅልጡት። ኦቨኑን አስቀድማችሁ አግሉት፣ የብረት ትሪውንም ከውስጡ አብራችሁ አግሉት፣ ፒዛው የጋለ ብረት ላይ ሲያርፍ ሥሩ ወዲያው ይደርቃል። ማይክሮዌቭ ግን ሊጡን ያለሰልሰዋል። ከአንዳንዶቹ ጋር የሚመጣችው ብርማ ወረቀት ለዚህ ነው የተሠራችው፤ በስሱ ብረት የተቀባች ስለሆነች እሷ ራሷ ግላ ሥሩን ታደርቀዋለች። ቆሻሻ ነው ብላችሁ የምትጥሏት ካላችሁ አትጣሏት።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሌላ ጊዜ ፒዛ ስታወዳድሩ የስም ዝርዝር ብቻ አትስጡን። ከእያንዳንዱ ድርጅት ማርገሪታውን ብቻ ውሰዱ፣ በአንድ ኦቨን በተጻፈው ሙቀት ጋግሩት፣ ቺዙን በሹካ ገፋ አድርጋችሁ ሊጡን ለብቻው ቅመሱት። ጨውና ስቡን በ100 ግራም አድርጋችሁ በአንድ ሰንጠረዥ አውጡልን። ተመዝኖ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ግራም ጎድሎ የተገኘ ካለም ጻፉት።

አክባሪያችሁ
የዘወትር አንባቢያችሁ