ለተቆራረጠ ጌም ሁሉ ፎርማት መድኃኒት አይደለም

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፤

በአዳማ የአንድ ልጅ ጌም ስታክ ማድረግ ወይም ድምፁ መቆራረጥ ሲጀምር ላፕቶፑ ወደ ጥገና ቤት ይወሰዳል፤ ብዙ ጊዜም ማሽኑ ሳይከፈት፣ አንዳንዴም ሳይበራ፣ «ፎርማት ያስፈልገዋል»፣ ማለትም ዲስኩ ተደምስሶ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫንበት፣ የሚል መልስ ይሰጣል። እኔ በዚሁ ከተማ ኮምፒዩተር የማስተምር ሰው ነኝ። ተማሪዎቼ በዚህ መንገድ ገንዘባቸውንም ፋይላቸውንም ሲያጡ ማየት ስላሳዘነኝ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። የጌም መቆራረጥ ሊለካና ምክንያቱ ሊታወቅ የሚችል ችግር ስለሆነ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ፎርማት ማድረግም ሆነ ማስደረግ ሊቆም ይገባል እላለሁ።

ፎርማት የተደረገ ላፕቶፕ ለጥቂት ቀናት የተሻለ መስሎ መታየቱ እውነት ነው፤ ከበስተጀርባ ይሠሩ የነበሩ ፕሮግራሞች ጠፍተዋልና። ይሁን እንጂ የችግሩ መነሻ አቧራ ወይም ያረጀ ሃርድ ዲስክ ከነበረ፣ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን አንዱንም አይነካውም። ከፎርማት በኋላ ትክክለኛው የግራፊክስ ድራይቨር (ዊንዶውስ የማሽኑን ክፍል እንዲያዝ የሚያስችለው ፕሮግራም) ሳይጫንለት ወደ ባለቤቱ የሚመለስ ላፕቶፕም አጋጥሞኛል። የማሽኑን ክፍሎች በሚዘረዝረው የዊንዶውስ ገጽ፣ በዲቫይስ ማናጀር ውስጥ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ስም ከታየ፣ ግራፊክሱን ሊሠራ የሚገባው ክፍል ሥራ ፈትቶ ሸክሙ በፕሮሰሰሩ ላይ ወድቋል ማለት ስለሆነ፣ ጌሙ ከቀድሞው ይብስበታል። በመሃል የጠፋው የመመረቂያ ጽሑፍና የቤተሰብ ፎቶ ደግሞ ቅጂ ካልተያዘለት ተመልሶ መገኘቱ ያጠራጥራል።

አንድ ጌም በሰከንድ 60 ምስል እንዲያሳይ ከተፈለገ እያንዳንዱ ምስል በ16.7 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ተሠርቶ ማለቅ አለበት። አንዱ ምስል ብቻ ዘግይቶ 100 ሚሊ ሰከንድ ቢወስድ፣ በዚያ ሰከንድ የታዩት ምስሎች ቁጥር ወደ 55 ገደማ ነው የሚወርደው፤ ዓይን ግን መቆሙን ወዲያው ያያል። ስለዚህ በስክሪኑ ጥግ የሚታየውን የኤፍፒኤስ (በሰከንድ የሚታዩ ምስሎች) ቁጥር ብቻ ተመልክቶ «ማሽኑ ደህና ነው» ማለት አይቻልም። ከቁጥሩ ይልቅ የሚረዳው መቆራረጡ መቼ እንደሚመጣ ባለቤቱን መጠየቅ ነው። ለምሳሌ አንድ ፍንዳታ ወይም አዲስ ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ብቻ ቆም ብሎ በሁለተኛው ጊዜ የማይደገም ከሆነ፣ ጌሙ ሼደር የሚባሉትን የግራፊክስ ፕሮግራሞች በዚያው ቅጽበት እያዘጋጀ መሆኑን ያመለክታል፤ ይህ የጌሙ አሠራር እንጂ የላፕቶፑ ብልሽት አይደለም።

ጌሙ ለሩብ ሰዓት ያህል ያለ እንከን ሄዶ ከዚያ መንቀራፈፍ ከጀመረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሙቀት ነው፤ በእኔ ግምት በአዳማ ከሁሉም የሚበዛው ምክንያት ይኸው ነው። ከተማችን በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ በአቅራቢያዋ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለላት፣ በነፋሷ የታወቀች ከተማ ናት፤ በበጋ ደግሞ ያ ነፋስ አቧራውን እየጫነ በየቤቱ ይገባል። በዚህ ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻ አየር ወደ አንድ አምስተኛ በሚጠጋ መጠን የሳሳ በመሆኑ፣ ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚያስወጣው ሙቀት ያንሳል። ብዙዎቹ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲደርሱ እንዳይቃጠሉ ፍጥነታቸውን በራሳቸው ይቀንሳሉ፤ ተጫዋቹ «ስታክ አደረገ» የሚለውም ያኔ ነው። ኤችደብሊውኢንፎ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ሙቀቱንም፣ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን መቀነሱንም በግልጽ ያሳያል። መፍትሔው ላፕቶፑን ከፍቶ ከፋኑ ፊት የተጋገረውን አቧራ ማውጣት፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለውን የደረቀ ቴርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ጠርጎ አዲስ መቀባት፣ ከዚያም ማሽኑን በፍራሽ ላይ ሳይሆን በጠረጴዛ ላይ አድርጎ መጫወት ነው። አቧራውን በጎሚስታ ኮምፕሬሰር ለማስነፋት የሚሞክሩ ሰዎች ግን ይጠንቀቁ፤ ኃይለኛው አየር ፋኑን ከአቅሙ በላይ አሽከርክሮ ሊሰብረው ስለሚችል ፋኑ እንዳይዞር መያዝ አለበት።

ተጫዋቹ ወደ አዲስ አካባቢ በገባ ቁጥር የሚመጣ መቆራረጥ ሌላ ነው። እንደ ጂቲኤ 5 ያሉ ሰፊ ካርታ ያላቸው ጌሞች በጨዋታው መሃል ካርታውን ከዲስክ እያነበቡ ስለሚሄዱ፣ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ አንዱን ፋይል ፈልጎ ለማግኘት ብቻ ከ10 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይወስድበታል። በታስክ ማናጀር ላይ ዲስኩ 100 በመቶ ተይዞ ከታየ ለፎርማት የሚወጣውን ገንዘብ የሚዞር ክፍል ለሌለው ፈጣን ዲስክ፣ ለኤስኤስዲ፣ መቆጠብ ይሻላል። ራምም፣ ማለትም ማሽኑ እየሠራበት ያለውን መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል፣ እንዲሁ መታየት አለበት። በውጭ አገር ካገለገሉ በኋላ ከሚገቡት የቢሮ ላፕቶፖች መካከል አንድ የ8 ጊጋባይት ራም ብቻ የተሰካባቸው አሉ፤ የራሳቸው የግራፊክስ ካርድ ስለሌላቸውም ከዚያው ራም ይጋራሉ። ዲዲአር4 2400 የተባለው ራም አንዱ ብቻ ሲሰካ በሰከንድ እስከ 19.2 ጊጋባይት፣ ሁለት ሲሆኑ እስከ 38.4 ጊጋባይት ስለሚያስተላልፍ፣ በሁለተኛው ቦታ ሌላ ራም መጨመር ለውጡ በዓይን የሚታይ ነው። ቻርጀርም አይረሳ፤ አንዳንድ ላፕቶፖች የማያውቁት ወይም ዋቱ ያነሰ ቻርጀር ሲሰካባቸው ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ።

ስለ ድምፅ የሚሰጠው ምርመራ ከዚህም የባሰ ችኮላ ያለበት ነው። ዘፈን በደንብ እያጫወተ በጌም ጊዜ ብቻ የሚንኮሻኮሽ ስፒከር ተበላሽቷል ተብሎ ሲቀየር አይቻለሁ። ዊንዶውስ ድምፅን በተለምዶ የ10 ሚሊ ሰከንድ ቁራጭ እያደረገ ያዘጋጃል፤ ድምፁ በሰከንድ 48,000 ናሙና (የድምፅ ልኬት) ያለው ከሆነ እያንዳንዱ ቁራጭ 480 ናሙና ይይዛል። ቁራጮቹ የሚቆዩበት ማጠራቀሚያ በየግቢያችን እንዳለው የውኃ ሮቶ ነው፤ ሳይሞላ ከዘገየ ቧንቧው አየር ይተፋል፣ ያ አየር ነው በጆሯችን እንደ መንኮሻኮሽ የሚሰማው። ብዙ ጊዜ የሚያዘገየው ፕሮሰሰሩን ከሚገባው በላይ ይዞ የሚቆይ አንድ ድራይቨር ሲሆን፣ የዋይፋይ ድራይቨር በተደጋጋሚ ይገኝበታል። ዋይፋዩን አጥፍቶ መሞከር ምንም ወጪ የለውም፤ ድምፁ ከጠራ ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ትክክለኛውን ድራይቨር አውርዶ መጫን ነው። ካልጠራ ሌተንሲሞን የተባለው ፕሮግራም የሚያዘገየውን ድራይቨር በስሙ ያሳያል። በብሉቱዝ ማዳመጫ የሚጫወቱ ልጆች ማይክራፎኑ ሲከፈት ድምፁ እንደ ስልክ ጥሪ የሚታፈነው፣ ብዙዎቹ ማዳመጫዎች ያኔ ወደ ጥሪ ሁነታ ስለሚቀየሩ ነው፤ በሽቦ የሚሠራ ማይክራፎን ሲጠቀሙ ይስተካከላል። «ኤክስ3ዲ ኦዲዮ1_7 ዲኤልኤል የለም» የሚል መልእክት ሲመጣ ደግሞ ያንን ፋይል ከማይታወቅ ድረ ገጽ ማውረድ ቫይረስ ሊያመጣ ይችላል፤ ማይክሮሶፍት በሰኔ 2010 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የዳይሬክትኤክስ (ጌሞች ለግራፊክስና ለድምፅ የሚጠቀሙበት) ጥቅል መጫን ይበቃል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጌሙ ከላፕቶፑ አቅም በላይ ሆኖ ከተገኘ፣ የምስሉን መጠን ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ማውረድ ሥራውን ከግማሽ በላይ ይቀንሳል፤ በሰከንድ በ60 እና በ25 ምስል መካከል ከሚዋዥቅ ጌም በ30 የጸና ጌም ለዓይን ይመቻል።

የጥገና ባለሙያዎቻችንን መውቀስ ብቻ ፍትሐዊ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ደንበኛው ለፎርማት ሳያቅማማ እየከፈለ ለምርመራ ግን «ዓይተኸው ብቻ ነው» ብሎ ክፍያ ይከለክላል። ስለዚህ ደንበኞች የምርመራ ዋጋ ለመክፈል ፈቃደኞች እንዲሆኑ፣ ጥገና ቤቶችም በደረሰኙ ላይ ከጥገናው በፊትና በኋላ የተለካውን ሙቀት፣ የዲስኩን ሁኔታና የተጫኑትን ድራይቨሮች ጽፈው እንዲሰጡ እጠይቃለሁ። በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ የኮምፒዩተር ተማሪዎችም በክረምቱ ለሰፈራቸው ልጆች ይህን ልኬታ ቢያሳዩ ትልቅ እገዛ ይሆናል። ዝግጅት ክፍሉ በቴክኖሎጂ ዓምዱ ላይ ለዚህ ጉዳይ ቦታ ቢሰጥና የጥገና ባለሙያዎችን መልስ ጨምሮ ቢያወጣ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒዩተር መምህር፣ ከአዳማ