ከግድግዳው ላይ የጎደሉት መምህራን

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ነሐሴ በመጣ ቁጥር ስለ ትምህርት ቤት ምዝገባና ክፍያ የምታወጡትን ሳላነብ አላልፍም። ዘንድሮም አነበብኩ። የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ሲነሱ ሁልጊዜ የሚወራው ያው ነው። ውጤታቸው ጥሩ ነው፣ ዲሲፕሊናቸው ጠንካራ ነው፣ ቦታ ማግኘት ደግሞ ዕድል ይጠይቃል። ሁሉም እውነት ነው። ወላጅ ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ላይ ተሰልፎ ሲያድር በዓይኔ አይቻለሁ። ግን እነዚህ ትምህርት ቤቶች ከየት እንደመጡና ማን ተሸክሞ እዚህ እንዳደረሳቸው ሲነገር አልሰማም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚያ ነው።

አምና የልጅ ልጄን ለማስመዝገብ ከልጄ ጋር አንድ የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ስሙን አልጠቅስም። ግቢው ጽድት ያለ ነው። ተራችን እስኪደርስ ኮሪደሩ ላይ የተሰቀሉትን ፎቶዎች ሳይ ቆየሁ። ነጭ ጺም ያላቸው አባቶች፣ ነጭ የለበሱ ሲስተሮች፣ ከየፎቶው ሥር ስምና ዓመት። ሁሉም ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው። ባለውለታዎቻችን ስለሆኑ መሰቀላቸው ደስ ይለኛል። ግን ከዳር እስከ ዳር ሄጄ አንድ አበሻ መምህር ፈለግሁና አጣሁ። በዚያ ያለፈችውን ልጅ ጠየቅኋት። «እነሱ እኮ ሠራተኞች ናቸው» አለችኝ። ክፉ አስባ አልነበረም። ቢሆንም ቃሏ እስከዛሬ ከውስጤ አልወጣም።

እኔ ሐረር ተወልጄ ያደግሁ፣ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል በሚሽን ትምህርት ቤት የተማርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ በማውቀው ከተማ ልጀምር።

ካፑቺን የሚባለው የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር አባቶች ሐረር የገቡት በ1873 ዓ.ም. ነው። ያኔ ከተማዋን የያዟት ግብፆች ነበሩ። አጼ ምኒልክ ሐረርን የያዙት ከዚያ በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም. ነው። ሚሽኑ የጀመረው በጥቂት ልጆች ነው። ከእነዚህ ውስጥ ከባርነት ገንዘብ ተከፍሎ የወጡ ሕፃናት ነበሩበት። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ዛሬ በዕጣ የሚገባበት ትምህርት ቤት መነሻው እናትም አባትም ያልነበረው ልጅ ነው። አዲስ አበባ ላይ የምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1901 ዓ.ም. መሆኑን ስናስብ፣ ሐረር ላይ ፊደልና ፈረንሳይኛ የሚማሩ ልጆች ምን ያህል ቀደም ብለው እንደነበር ይገባናል። (ለእናንተ ለጋዜጠኞቹ ደግሞ ይህችን ልጨምር። በአገራችን ከታተሙት የመጀመሪያዎቹ ጋዜጦች አንዱ የወጣው ከዚያው ከሐረር ሚሽን የሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር ነው። በ1897 ዓ.ም. ገደማ፣ በፈረንሳይኛ።)

የሐረር ሚሽን ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ፈረንሳዊውን የሚሽኑን ጳጳስ አቡነ እንድርያስን፣ በአገራቸው ስም ሞንሲኞር ዣሮሶን ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል እዚያው ኖረዋል። ራስ መኮንን ያከብሯቸው ነበር። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ሲይዝ ከፈረንሳዮቹ ጋር እሳቸውንም አስወጣቸው። ከሚወዱት አገር ርቀው ቱሉዝ ላይ አረፉ። ሲያንሳቸው እንጂ ሲበዛባቸው አይደለም፣ ፎቶአቸው ይሰቀል።

እኔ ግን ስለ አባ ሳሙኤል መናገር እፈልጋለሁ። አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን የአገሬው ሰው ናቸው። በሚሽኑ ተምረው ያደጉ ካቶሊክ። ራስ መኮንን ልጃቸውን ተፈሪን የሚያስተምር ሰው ሲፈልጉ የተመረጡት እሳቸው ናቸው። ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ያ ልጅ ፈረንሳይኛ የተማሩት በአንድ በኩል ዶክተር ቪታሊየን ከተባሉት የጓድሉፕ ተወላጅ ሐኪም፣ በሌላ በኩል ከአባ ሳሙኤል ነው። አስቡት እንግዲህ። ራስ መኮንን ኦርቶዶክስ ናቸው። ልጃቸውም ኦርቶዶክስ ሆኖ አደገ፣ ኦርቶዶክስ ሆኖ ነገሠ። መምህሩ ካቶሊክ መሆናቸው አባትየውን አላስፈራቸውም፣ ልጁንም ከእምነቱ አላወጣውም። ዛሬ ወላጆች «ልጄን ካቶሊክ ትምህርት ቤት ባስገባት ሃይማኖቷን ትለውጥ ይሆን?» ብለው ሲጨነቁ እሰማለሁ። መልሱ ከመቶ ዓመት በፊት ሐረር ላይ ተሰጥቷል።

አባ ሳሙኤል በ1907 ዓ.ም. ሐረማያ ሐይቅ ላይ አረፉ። ከደጃዝማች ተፈሪ ጋር የተሳፈሩባት ጀልባ ውሃ ገብቶባት ሰጠመች። ተፈሪ ተረፉ፣ መምህራቸው ቀሩ። ሐረማያ ሐይቅ ራሱ በእኔ ዕድሜ ደርቆ አይቼዋለሁ። ልጅ ሆነን በመኪና ስናልፍ ሰማያዊ ሆኖ ይታየን የነበረው ውሃ ጠፍቶ ከብት ሲግጥበት ስመለከት መጀመሪያ ያሰብኩት እሳቸውን ነው። አሁን ውሃው ተመልሷል ሲሉኝ ደስ አለኝ።

ሚሽን ሁሉ ንጹሕ ታሪክ አለው እያልኩ አይደለም። ሚስዮናውያን ሲመጡ ዓላማቸው እምነታቸውንም ማስፋፋት ነበር። በዚህም ግጭት ተነስቷል፣ ሰው ታስሯል፣ ሰው ሞቷል። ከትልልቆቹ የጎጃም ሊቃውንት አንዱ የነበሩት አባ ገብረ ሚካኤል ካቶሊክ ሆኑ ተብለው በእስር ተንገላትተው በ1847 ዓ.ም. ያረፉት እግራቸው ከሰንሰለት ሳይወጣ ነው። ከነጻነት በኋላ መንግሥት በ1936 ዓ.ም. ደንብ አውጥቶ የሚስዮናውያንን ሥራ ወሰነው። የኦርቶዶክስ ቤተክርስቲያን በጸናባቸው አካባቢዎች ሆስፒታልና ትምህርት ቤት መክፈት እንጂ ሃይማኖት መስበክ አይችሉም፣ ትምህርቱም በአማርኛ ይሁን ተባለ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ገደብ ብቻ ያየዋል። ለእኔ ግን ትምህርት ቤቶቹን የጠቀማቸው ይመስለኛል። የሌላ ሰው ልጅ በእጅህ ሲሰጥህ እንዴት እንደምትይዘው ተማሩበት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ካቶሊኩ ከሕዝባችን 0.7 በመቶ ብቻ ነው። እንግዲህ በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ወንበር ላይ የተቀመጠው ማን እንደሆነ መገመት አያቅትም። አብዛኛው የኦርቶዶክስ፣ የሙስሊም፣ የጴንጤ ልጅ ነው።

እኛ ክፍል ውስጥ እንዲሁ ነበር። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ በግንብ የታጠረችው የድሮዋ ሐረር፣ የጁገል ልጅ ነው፣ ሙስሊም። ጠዋት ጸሎት ሲደርስ መምህራችን «ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ በልባችሁ የምታውቁትን በሉ» ይሉን ነበር። ከዚያ ዝም። እኔ አባታችን ሆይን እላለሁ። እሱ የራሱን ይላል። ረመዳን ሲሆን ስፖርቱን ወደ ጠዋቱ ክፍለ ጊዜ ያዞሩልን ነበር፣ የጾሙ ልጆች በቀትር ፀሐይ እንዳይሮጡ። ይህን የሚያዝ ወረቀት አልነበረም። የመምህራችን የራሳቸው ሐሳብ ነው።

ስለእኚህ መምህር ትንሽ ልቆይ። አማርኛና ሒሳብ ነው የሚያስተምሩን። አንድ ቡናማ ኮት አለቻቸው፣ ክርኗ ላይ የተጣፈች። ጠዋት ስም ከመጥራታቸው በፊት በየወንበሩ መሐል ቀስ ብለው ይሄዳሉ። ደብተር የሚያዩ ይመስለን ነበር። ከዚያ አንዱን ልጅ ይጠሩና «ሂድ፣ ከሲስተር ጠመኔ አምጣ» ይሉታል። ልጁ ይሄዳል፣ ቆይቶ ጠመኔ ይዞ ይመጣል። በየቀኑ ማለት ይቻላል። እኛ ጠመኔ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅበት ክፍል ነው ብለን አስበን ነበር።

4ኛ ክፍል ሆኜ አባቴ ታመመ። ሥራ አቆመ። ቤታችን ቁርስ የሚባል ነገር ቀረ። አንድ ጠዋት ተራው ወደ እኔ መጣ። «ሂድ፣ ጠመኔ አምጣ» አሉኝ። ሄድኩ። ሲስተር ምንም ሳትጠይቀኝ ዕቃ ቤት አስገባችኝ። ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ሻይና ግማሽ ዳቦ ተቀምጧል። በልቼ ስጨርስ ሁለት ጠመኔ በእጄ አስያዘችኝና «ሂድ እንግዲህ» አለችኝ። ክፍል ስገባ መምህሩ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ጠመኔውን ተቀብለው ማካፈል ማስተማር ቀጠሉ። አጠገቤ ያለው ልጅ «ምነው ቆየህ?» አለኝ። «አልቆ ነበር» አልኩት። ያን ጊዜ ነው ከእኔ በፊት የሄዱት ልጆች ሁሉ ለምን እንደሄዱ የገባኝ። አንዳቸውም አልተናገሩም። እኔም ሳልናገር ቆየሁ። ይኸው ዛሬ ተናገርኩ።

እሴት እሴት እንላለን። በየትምህርት ቤቱ በር ላይ በትልቁ ተጽፎ ይታያል። ለእኔ እሴት ማለት ያቺ ጠመኔ ናት። የተራበውን ልጅ ማብላት አንድ ነገር ነው። ጓደኞቹ ፊት ሳያዋርዱ ማብላት ግን ሌላ ነው። ይህን ያሰበው ሰው ከፈረንሳይ የመጣ አልነበረም። ሐረር ተወልዶ፣ በትንሽ ደመወዝ ስድስት ልጅ የሚያሳድግ መምህር ነው። ዳቦውን የምትሰጠው ሲስተር ደግሞ የውጭ አገር ሰው ነበረች። ሁለቱም ባይኖሩ አይሆንም ነበር። የግድግዳው ታሪክ ግን ግማሹን ነው የሚናገረው።

ቤተክርስቲያኗ ራሷም ይህን ታውቀዋለች። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ጥቅምት 1958 ዓ.ም. ስለ ትምህርት ባወጣው ሰነድ፣ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ዓላማውን ማሳካቱ ከሞላ ጎደል በመምህራኑ ላይ የተመሠረተ እንደሆነ ይናገራል። ድሆችን፣ የቤተሰብ ፍቅር የተነፈጋቸውንና እምነቱን የማይጋሩትን በተለይ እንዲያስቡም አደራ ይላል። ስለ ውጤት የሚያወራ ቦታ ፈልጌ አላየሁበትም።

በደርግ ዘመን ነገሩ ከበደ። የግል ትምህርት ቤቶች በአዋጅ የሕዝብ ተባሉ፣ ብዙ የውጭ ሚስዮናውያንም ተራ በተራ ሄዱ። የቀሩት የአገሬው መምህራን ናቸው። ቾኩን ይዘው የቆሙት፣ ስብሰባውንም ሰልፉንም ችለው ልጆቹን ያስተማሩት እነሱ ናቸው። መምህሬም እንደዚያው። ጡረታ ሲወጡ የደረሳቸው አንድ የግድግዳ ሰዓትና የምስጋና ወረቀት ነው። ሰዓቱ ቤታቸው ሄጄ ሳያቸው ይሠራ ነበር። ደጋግመው ያዩት ነበር።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። የካቶሊክ ትምህርት ቤቶችን የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ ዕድሜያቸው የገፋ መምህራንና የቀድሞ ተማሪዎች ሳያልፉ ስማቸውን ሰብስቡ። የድሮ ሮስተሮች በየዕቃ ቤቱ አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል። በእያንዳንዱ ሮስተር ግርጌ የክፍሉ ኃላፊ መምህር ስምና ፊርማ አለ። ከዚያ መጀመር ይቻላል። ፎቶ ከተገኘ ከአባቶቹ ጎን ይሰቀል፣ ካልተገኘ ስሙ ብቻ ይጻፍ። የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ያላችሁም በየዓመቱ እራት ከመብላታችሁ በፊት አንድ ድሃ ልጅ በመምህራችሁ ስም አስተምሩ። ዛሬ ክፍያው በወጣበት ደረጃ፣ ያኔ ጠመኔ ለማምጣት የሚላከው ልጅ ከበሩም አያልፍም። ይህ ከምንም በላይ ያሳስበኛል።

ወላጆችም ልጅ ስታስመዘግቡ አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ። «ስንት ልጅ አለፈ?» ካላችሁ በኋላ «እዚህ ለረጅም ጊዜ ያስተማረው ማነው?» በሉ። ያንን መምህር አግኝታችሁ ሰላም በሉት።

የመምህሬን ስም እዚህ አልጻፍኩም፣ ልጆቻቸውን አስቀድሜ ማስፈቀድ ስላለብኝ። ለትምህርት ቤቱ ግን በተለየ ደብዳቤ ልኬዋለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በ1962 ዓ.ም. የተነሳነውን የክፍላችንን ፎቶ ቅጂ አያይዣለሁ። 38 ልጆች ነን። ከኋላው በእርሳስ የተጻፉ 11 ስሞች አሉ፣ ሌላው ደብዝዟል። መምህራችን በስተቀኝ ዳር ቆመዋል፣ ፎቶው ግማሽ ትከሻቸውን ቆርጦታል። ብታወጡልኝና ራሱን ወይም ጓደኛውን ያወቀ አንባቢ ቢኖር፣ ስሙን ለዝግጅት ክፍላችሁ ይላክልኝ።

አክባሪያችሁ
የቀድሞ የሐረር ተማሪ፣ አዲስ አበባ