ለጥልቅ ጉድጓዳችን ፓምፕና ለቦኖዎቹ ጥገና የድጋፍ ጥሪ

በአገር ውስጥም በውጭም ላላችሁ የድሬዳዋ ልጆች፤

ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የቀበሌያችን ጥልቅ ጉድጓድ ሦስት ቦኖዎችንና አንድ ትምህርት ቤትን ያጠጣል። ባለ 5.5 ኪሎዋቱ ፓምፕ ደህና ሳለ በሰከንድ 2.5 ሊትር ይገፋ ነበር፤ አሁን ከ1.4 አያልፍም። 50 ሜትር ኩብ የሚይዘው ማጠራቀሚያ በአምስት ሰዓት ተኩል ይሞላ የነበረው ዛሬ አሥር ሰዓት ይፈጃል። መሃል ላይ መብራት ከጠፋማ ሳይሞላ ይነጋል።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ጉድጓዱ ደርቋል፣ ሌላ ይቆፈር» ይላል። አልደረቀም። ፓምፑ እየሠራ የውሃው ከፍታ ሲለካ፣ የሚሳበው ስላነሰ ከቀድሞው ጥቂት ከፍ ብሎ ነው የተገኘው። የጉድጓዱ ወንፊት ተደፍኖ ወይም ውሃው ሸሽቶ ቢሆን ኖሮ ከፍታው ወደ ታች ይወርድ ነበር። ችግሩ ያለው ፓምፑና ቱቦው ላይ ነው። አዲስ ጉድጓድ ቢቆፈርም የሚገባበት ፓምፕ በዚያው ውሃ መበላሸቱ አይቀርም።

የድሬ ውሃ ኖራ እንደሚበዛበት ማንቆርቆሪያ ያለው ሁሉ ያውቃል። ያው ነጭ ቅርፊት ፓምፑ ውስጥ ይጋገርና የውሃውን መንገድ ያጠባል፤ ሞተሩንም ይለብሰዋል። ሰብመርሲብል (ውሃ ውስጥ ጠልቆ የሚሠራ) ሞተር የሚቀዘቅዘው በጎኑ በሚያልፈው ውሃ ስለሆነ ቅርፊቱ ሲወፍር ሙቀቱ መውጫ ያጣና የሽቦ ጥቅልሉ ይቃጠላል። ሌላው ሞተር ገዳይ የመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ነው። በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያለው ኦቨርሎድ ሪሌይ (ሞተሩ ከልክ በላይ ኃይል ሲስብ የሚያጠፋው) በሙቀቱ ብቻ ቶሎ ቶሎ ያጠፋል። ሕዝቡ ጀሪካን ይዞ ሲጮህ ኦፕሬተሩ ሪሌዩ የሚያጠፋበትን አምፔር ከፍ ያደርገዋል። ከዚያ ከሦስቱ የመብራት መስመሮች (ፌዝ) አንዱ ቢቋረጥ ሪሌዩ ዝም ይላል፤ ሞተሩም በቀሩት ሁለቱ እየነደደ ይሠራል። (አቦ፣ ኦፕሬተሩ ላይ አትፍረዱ፤ ቤቱን በቆርቆሮ የሠራው እሱ አይደለም።)

የሚያስቸኩለን ግን ቱቦው ነው። ፓምፑ የተንጠለጠለው 96 ሜትር ላይ፣ በ16 ባለ 2 ኢንች ገልቫናይዝድ ቱቦዎች ነው። ቱቦዎቹ ብቻ ግማሽ ቶን ግድም ይመዝናሉ፤ ውሃው ተመልሶ እንዳይወርድ የሚያግደው ቼክ ቫልቭ የያዘው ውሃ ሌላ 200 ኪሎ ይጨምራል። የመጋጠሚያቸው ጥርስ በዝገት ሳስቷል። አንዱ ቢበጠስ ፓምፑ ወድቆ ጉድጓዱን ይዘጋል፤ ያን ጊዜ እውነትም አዲስ መቆፈር ሊመጣ ነው።

ስለዚህ በገልቫናይዝድ ፈንታ የማይዝግ፣ ለዚህ ጥልቀት የተሠራ 32 ባለ 3 ሜትር የዩፒቪሲ (ጠንካራ ፕላስቲክ) የፓምፕ ቱቦ እንፈልጋለን። ከእሱ ጋር 130 ሜትር የሚገፋ 5.5 ኪሎዋት ፓምፕ ከነሞተሩ፣ 110 ሜትር ባለ 4 ስኩዌር ሚሊ የውሃ ውስጥ ኬብል፣ ያንኑ ያህል የማይዝግ የደህንነት ገመድ። ለሳጥኑ የፌዝ መጥፋት መከላከያ ሪሌይ፣ ውሃ ሲያልቅ ሞተሩን የሚያጠፋ ኤሌክትሮድ፣ ከበላዩም ጥላና አየር ማስገቢያ። ለቦኖዎቹ 12 የናስ መክፈቻ (ርካሹ ጎማው ወዲያው ስለሚበላ አይላክልን) እና 3 ጌት ቫልቭ። ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ዝርዝሩን በገንዘብ ሳይሆን በዕቃ አቅርበናል።

ገንዘብ የሌለው ሙያም መኪናም ሊሰጥ ይችላል። ክሬን ያለው መኪና ለሁለት ቀን ያስፈልገናል፤ በዚህ ጥርስ ላይ በእጅ መሳብ አንደፍርም። ሜገር (የኬብል ሽፋን መፈተሻ መሣሪያ) ያለው ኤሌክትሪሺያንም እንዲሁ። አዲሱ ፓምፕ ሲወርድ የኬብሉ ቅጥያ አንድ ቱቦ በወረደ ቁጥር መለካት አለበት፤ ውሃ መግባቱ መጨረሻ ላይ ከታወቀ ሁሉም እንደገና ይወጣል።

ጥገናው ሲያልቅ ማጠራቀሚያው ወደ 4 ኪሎ በሚጠጋ ባለ 65 በመቶ ክሎሪን ለ24 ሰዓት ይታጠባል፤ ያ ውሃ ተደፍቶ፣ ቦኖ ላይ የሚቀረው ክሎሪን በሊትር 0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም መሆኑ ሳይለካ ውሃ አይለቀቅም። በድምሩ ሦስት ቀን ውሃ ስለማይኖር ቦቴ ያላችሁ ትምህርት ቤቱን አስቡልን።

የባንክ ሒሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሲሆን ቁጥሩ የሚገኘው በቦኖዎቹ ላይ በተለጠፈው ማኅተም ባለው ደብዳቤ ብቻ ነው፤ የሒሳብ ቁጥር በስልክ ለሚነግራችሁ አትላኩ። የግዢ ደረሰኞች እዚያው ይለጠፋሉ። የሚወጣው አሮጌ ሞተርና ቱቦ ተቆጥሮ በሐራጅ ይሸጣል፤ ገቢውም ለመለዋወጫ ሪሌይና መክፈቻ መግዣ ይቀመጣል።

የውሃ ኮሚቴው