ለገጣፎ ባቡር ገብቶ አያውቅም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው እሁድ ከውጭ ስለመጡ ቃላት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ታክሲ ውስጥ ስልኬ ላይ፣ ኋላም ቤት ገብቼ ለእናቴ ጮክ ብዬ። እናቴ መሃል ላይ አስቆመችኝ። «ለገ የፈረንጅ ነው አለ?» አለችኝ። አዎ እማ፣ ለገሃር፣ ለገጣፎና ለገዳዲ ላይ ያለው «ለገ» ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው ነው የሚለው።

ለገሃር ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» መጣ ማለቱ ልክ ነው። ጣቢያ ማለት ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ደረሰ፤ ሰዉም ቃሉን ለአፉ እንዲመቸው አድርጎ ለገሃር አለው። እስከዚህ ጥሩ። ግን ለገጣፎንና ለገዳዲን እዚያው ውስጥ መጨመር ምን የሚሉት ነው? የድሮው ባቡር በአቃቂ፣ በዱከምና በቢሾፍቱ አድርጎ ወደ ሞጆ ነው የሚወርደው። እኛ ያለነው በሰንዳፋ በኩል ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። የከተማው ቀላል ባቡር እንኳ አያት ደርሶ ነው የሚመለሰው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን በየቀኑ ታክሲ ተጋፍተን የምንጨርሰው እኛ ነን። ታዲያ ፈረንሳዮቹ ስሙን በምን ጭነው አመጡልን?

ለገ በኦሮምኛ ወንዝ ነው። በቃ። ዳዲ ደግሞ ጠጅ። ጸሐፊው አዲስ አበባ የሚኖር ከሆነ ከለገዳዲ ግድብ የሚመጣውን ውሃ ሳይጠጣ አይቀርም። ወሎ ውስጥ ለገሂዳ አለ፣ ጉጂ ውስጥ ወርቅ የሚወጣበት ለገደምቢ አለ። እዚያስ ሐዲዱን ማን ዘረጋው? ልጅ ሳለሁ እናቴ ጀሪካን አስይዛ «ገረ ለጋ ዴሚ» ትለኝ ነበር። ወደ ወንዝ ሂጂ ማለቷ ነው። ባቡር ጣቢያ አልላከችኝም።

ከስህተቱ በላይ ያበሳጨኝ ግን የተተወው ነው። ፌርማታ፣ ጎሚስታና ላቫጆ ከጣሊያን መምጣታቸው ተነግሮናል። ወንጌልና ጳጳስ ከግሪክ፣ ሃይማኖትና ጣዖት ከአራማይክ። የአራዳ ልጆች ቋንቋም ቦታ አግኝቷል። ከኦሮምኛ ግን አንድ ቃል የለም። ጉዲፈቻስ? «ማሳደግ» ከሚለው የኦሮምኛ ግስ የመጣ ቃል ነው፣ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ውስጥ ሳይቀር የተጻፈ፣ ዳኛው በየችሎቱ የሚጠራው። ኦሮምኛ የውጭ ቋንቋ ስላልሆነ ነው ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ እንደዚያ ከሆነ ለገጣፎን ምን ልትሠራ ከውጭ ቃላት መሃል አስገባችኋት?

ይህ ነገር ለምን እንዲህ እንዳንገበገበኝ ልንገራችሁ። ሃይስኩል የተማርኩት ከተማ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ቀን መምህሩ ሰፈሬን ሲጠይቁኝ እናቴ እንደምትጠራው አድርጌ ተናገርኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ፋራ» የሚል ስም ወጣልኝና አራት ዓመት ሙሉ አብሮኝ ኖረ። ሰፈሬን ሌሎቹ በሚሉት መንገድ መጥራት ለመድኩ፣ እናቴ ፊት ግን አላደርገውም። አሁን ደግሞ ጋዜጣ ስሙ የእናንተ አይደለም ሲለኝ ያ ክፍል ውስጥ ተመልሼ የቆምኩ መሰለኝ።

እርማቱን በዚያው ገጽ፣ በዚያው መጠን አውጡልን። እሁድ ጋዜጣውን ገዝቼ እንዳነብላት እናቴ ከወዲሁ ነግራኛለች።

ከለገጣፎ