ታራሚን መምከር ሌላ፣ ማከም ሌላ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ዝርፊያ ወይም ስለ ድብደባ ዜና ስታወጡ ከሥሩ የሚሰጠውን አስተያየት አነባለሁ። ግማሹ «ቅጣቱ ይክበድ» ይላል። ሌላው «ምክር ይሰጣቸው» ይላል። እኔ ሁለቱም አልተዋጠልኝም። ቅጣቱን ጨርሶ የሚወጣ ሰው የሚመለሰው እዚያው ሰፈሩ ነው። ንዴቱም፣ ጓደኞቹም፣ ባዶ ኪሱም ይጠብቁታል። ምክሩንማ ሳይታሰር በፊት ከእናቱ ጠግቦታል።

በወንጀል ሥነ ልቦና የሚሠሩ ባለሙያዎች ሕክምና ሲሉ ሌላ ነገር ማለታቸው ነው። ሰውየው የተደባደበበትን አንድ ቀን እንዲያነሳ ይደረጋል። ሰውየው ምን ብሎህ ነበር? ያኔ ምን አሰብክ? «ንቆኛል» ያልከው ምን አይተህ ነው? እጅህ ባይቀድም ኖሮ ምን ታደርግ ነበር? ነገሩን ቀስ እያሉ ይፈቱታል። ከዚያ ያንኑ ጠብ በቡድኑ ፊት ይተውኑታል፤ ሌላኛውን መንገድ እስኪለምደው ድረስ ደጋግመው። ሲቢቲ (የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና) የሚሉት ይህንን ነው። ስብከት የለበትም፤ ልምምድ ነው።

«የፈረንጅ ቅንጦት ነው» ለሚል ሰው ላይቤሪያን ልጥቀስ። በዋና ከተማዋ ሞንሮቪያ ስርቆትና ጠብ ውስጥ የነበሩ 999 ወንዶች በዕጣ አራት ቦታ ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ለ8 ሳምንት ሲቢቲ አገኘ። አንዱ 200 ዶላር ብቻ ተሰጠው። አንዱ ሁለቱንም። የቀረው ምንም። አሠልጣኞቹ ሐኪሞች አልነበሩም፤ ከእነሱም ውስጥ የቀድሞ ተዋጊዎች ነበሩ። የቤት ሥራውን በጣም ነው የወደድኩት። ፀጉር መቆረጥ፣ ንጹሕ ልብስ መልበስ፣ ከዚያ ባንክ ወይም ሱፐርማርኬት ገብቶ እንደ ማንም ደንበኛ መስተናገድ። ለእኛ ምንም አይደለም። ጥበቃው ከበር ሲያባርረው ለኖረ ሰው ግን ትልቅ ፈተና ነው።

ሕክምናውን ብቻ ያገኙት ለውጣቸው በዓመት ውስጥ ደበዘዘ። ብሩ ብቻውንም ከወንጀል አላራቀም። ሁለቱን ያገኙት ግን ጸኑ። ከ10 ዓመት በኋላም ስርቆትና መሰል ወንጀላቸው ምንም ካላገኙት በግማሽ ገደማ ያነሰ ነበር። አጥኚዎቹ እንደሚገምቱት ብሩ ትንሽ ንግድ ስላስጀመራቸው አዲሱን ጠባይ የሚለማመዱበት ጊዜ ገዛላቸው። ለአንድ ሰው የወጣው በጠቅላላ 530 ዶላር ገደማ ነው።

ነገሩን እንዳላሳምረው ደግሞ እንግሊዝ አለች። ማረሚያ ቤቶቿ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንስቶ ለወሲብ ወንጀለኞች የቡድን ሕክምና ሲሰጡ ቆዩ። እ.ኤ.አ. 2017 ላይ የፍትሕ ሚኒስቴሩ ጥናት ወጣ። ከታከሙት 10 በመቶው፣ ካልታከሙት 8 በመቶው ተመልሰው የወሲብ ወንጀል ፈጽመዋል። ፕሮግራሙም በዚያው ዓመት ተዘጋ። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ! ሕክምና ስለተባለ ብቻ ይፈውሳል ማለት አይደለም።

«የተዘረፈችው ሴት እያለቀሰች ለዘራፊው ብር?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ይገባኛል። ግን ሕክምናው ከእስራቱ ላይ አንድ ቀን አይቀንስለትም። ነገ የምትዘረፈውን ሴት ለማትረፍ ነው።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 1 ላይ ወንጀለኞች እንዲታረሙ ማድረግን ከዓላማው ቆጥሮታል። ስለዚህ አዲስ ሕግ አልጠይቅም። አንድ ማረሚያ ቤት ይመረጥ። ሊፈቱ ጥቂት ወራት የቀራቸው ፈቃደኛ ታራሚዎች በዕጣ ይከፈሉ። ከአሠልጣኞቹ ውስጥ ታርመው የወጡ ሰዎች ይኑሩበት። ሲወጡ መነሻ ብር ይሰጣቸው። ከዚያ ለሁለት ሦስት ዓመት ማን ተመልሶ እንደገባ ይቆጠር፤ ውጤቱ ቢያምርም ባያምርም ለሕዝብ ይውጣ።

እናንተ ደግሞ እስከዚያው አንድ ነገር ጠይቁልን። ከማረሚያ ቤቶቻችን ከሚፈቱት ስንቱ ነው ተመልሶ የሚገባው? መልሱን በዚሁ ገጽ አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ፣ ከሐዋሳ